እኔን ልጄ

ሊዮር ለሚሉዊም፣ ለተጠባባቂ ጦር፣ ተጠርቶ ከጦርነቱ ከተመለሰ ወዲህ የግራ እጁ ሦስት ጣቶች መንቀጥቀጥ አልተዉም። በሚኖሩባት የእስራኤሏ አሽዶድ ከተማ ውስጥ ያልመረመረው ሐኪም የለም፤ ሁሉም «ምንም የለብህም» እያለ ይሸኘዋል። እናቱ ጌጥነሽ ጠዋት ጠዋት ሻይ ስታቀርብለት ብርጭቆው ከነማስቀመጫው ሲንቀጫቀጭ ትሰማና «እኔን ልጄ! እኔን ያንቀጥቅጠኝ!» ትላለች። ጎንደር ያደገ ሰው ሌላ ምን ይላል? ልጅን እንቅፋት ሲመታው እንኳ «እኔን» ነው የሚባለው።

ማክሰኞ ጠዋት ሊዮር ሻዩን ጭልጥ አደረገና እጁን ዘረጋላት። «እማ፣ እዪው፣ ለቀቀኝ!»

እልል አለች። እልልታዋ ሳያበቃ ባዶውን ብርጭቆ ከነማስቀመጫው ስታነሳ ይንቀጫቀጭ ጀመር። የግራ እጇ ነው። ሦስቱ ጣቶች።

እጇን በነጠላዋ ሸፍና ሰነበተች።

ዓርብ ቀን የሊዮር ልጅ ሳፒር ከመዋዕለ ሕፃናት መጣች። አምስት ዓመቷ ነው፤ አፏን የፈታችው በዕብራይስጥ ነው፣ አማርኛ ብትል ከአያቷ የለቀመቻት ጥቂት ቃል ናት። «ሳፍታ!» ብላ የአያቷን ቀሚስ ጨብጣ ልትስማት ስትንጠራራ ነጠላው ተንሸራተተና የሚንቀጠቀጡትን ጣቶች አየች። ፊቷ ለለቅሶ ተኮማተረ።

«ዝም በይ! ቃሉን እንዳትናገሪው!» ጌጥነሽ የልጅቱን አፍ ልታፍን እጇን ሰደደች። ልጅቱ ግን ቀደመቻት።

«እኔን፣ ሳፍታ!»

በትንሿ አፍ ላይ ያረፈው የጌጥነሽ ግራ እጅ መንቀጥቀጡን ትቶ ቀጥ አለ። ወደ ታች ለማየት አልደፈረችም። ልጅቱ የጨበጠችው የቀሚሷ ጫፍ ግን ይርገበገብ ጀምሯል።