የወንበሩ ሹራብ

ጥቅምት አሥራ ሁለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የሟች ባሏ የሥራ ባልደረቦች ፎቶግራፉን በትልቁ አሳጥበው ወደ ለቅሶው ድንኳን ገቡ። ጎባ ለመስክ ሥራ ሲመላለስ የተነሳው ነው።

ከተጋቡ ጀምሮ ሹራብ ስትሠራለት አንዱንም አልለበሰላትም። «ሱፍ ያሳክከኛል፤ አንቺ ብቻ ሥሪ» ይላት ነበር እየሳቀ። እሷም አልተቀየመችውም። አንዱን በጨረሰች ቁጥር የእሱን ወንበር አልብሳ ፎቶ ታነሳው ነበር፤ አልበሙ በወንበር ፎቶ ሞልቷል።

በትልቁ ፎቶ ላይ ባሏ አረንጓዴ የሱፍ ሹራብ እስከ አንገቱ ለብሶ ይስቃል። ሹራቡ የእጅ ሥራ ነው፤ የእሷ እጅ ግን አይደለም።

የባሏ እህት እንባዋን እየጠረገች፣ «የኔ ባለሙያ፣ ይሄንንም አንቺ ነሽ የሠራሽለት?» አለቻት።

ለቀስተኛው ዞሮ አያት።

«እኔ ነኝ» አለች።

ፎቶው ዛሬም ሳሎኗ ውስጥ፣ ከወንበሩ በላይ ተሰቅሏል።