የትርንጎ የዕለት ውሃ

ትርንጎን ከሞት ያተረፋት መድኃኒት ዘረመሏን የሙጥኝ ብሎ የሚቆየው በመድኃኒቱና በዘረመሏ መካከል በሚገባ ልዩ ውሃ ነው፤ ተራ ውሃ ከቀላቀለች መድኃኒቱ ይለቃል። ስለዚህ ሐኪም ቤቱ በየማለዳው ሁለት ሊትር ይልክላታል።

አንድ ምሽት ታላቅ እህቷ አመለወርቅ ይህን ሳታውቅ ከደሴ መጥታ ሽሮ ሠራችላት። ትርንጎ ምክንያቱን ነግራ ሳህኑን ስትመልስላት የእህቷ ፊት ጠቆረ።

«የእጄን ላትቀምሺ ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት?»

«በእኔ ውሃ ሥሪልኝ፣ እትዬ።»

«ለመጠጥሽስ ይበቃሻል?»

«ይተርፈኛል» አለች ትርንጎ። እስከ ማለዳ የቀራት ግን አንድ ጠርሙስ ብቻ ነበር።

አመለወርቅ ደስ ብሏት ሽሮውን እንደ አዲስ ጣደች። ትርንጎም በማንኪያ አሟጥጣ በላች። እስኪነጋ ጉሮሮዋ በጥም ቢሰነጠቅም ለእህቷ ትንፍሽ አላለችም።