ለአባቷ የመረጠችው ድምፅ

«ተጭነህ ቆይበት አባዬ፣ ወዲያው አትልቀቀው» አለች ትሕትና።

አባቷ አዲሱ ስልክ ላይ «ወ»ን ተጫነና አሁንም ቶሎ ለቀቀው። ጣቱ ወፍራም ስለሆነ ያልፈለገው ፊደል ብቅ አለ።

«ይሄ ስልክ ነው ወይስ የፈተና ወረቀት?» አለ። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ከጉሮሮው ሥር እየተፋቀ ነው የሚወጣው። ከፋሲካ ወዲህ እንዲህ ሆኗል። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፣ ቀጥሎ አቧራ ነው ተባለ፣ በመጨረሻ ሐኪሙ ትክክለኛ ስሙን ነገራቸው። ነገ ጠዋት ማንቁርቱን ያወጡለታል። ይድናል ብለዋል። መናገር ግን ከእንግዲህ አይችልም።

አባቷ ፈቃደ ደላላ ነው። ከተክለ ሃይማኖት እስከ አብነት የሚከራይ ሱቅ ወይም የሚሸጥ ቤት ካለ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ገዢና ሻጭ ተኳርፈው ሊለያዩ ሲሉ መሃል ገብቶ፣ አንዴ እያሳቀ አንዴ እየተቆጣ የሚያስማማቸውም እሱ ነው። ስለ ስልክ ያለውን አቋም ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ስልክ ማለት ቁልፍ ያለው፣ ቢወድቅ የማይሰበር፣ ቻርጁ ቶሎ የማያልቅ ነው። ተች የሚባለው ለሥራ ፈት የተሠራ ነው፤ በየጊዜው አድሱኝ ይላል፣ ሲያድሱት ደግሞ ያለውን ሁሉ ከቦታው ያጠፋዋል። መልእክት የጻፈለትን ሰው እንኳ ደውሎ ነው የሚመልስለት። «ሰውዬው እየዋሸኝ መሆኑን ከጽሑፍ በምን አውቃለሁ?» ይላል።

አሁን ትሕትና የገዛችለት ተች ስልክ ጭኑ ላይ ነው። የጻፉበትን በአማርኛ ጮክ ብሎ የሚያነብ አፕ ጭናበታለች። አፑ ያለው የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ድምፅ ብቻ ነው። የወንዱን መረጠችለት።

«ዜና አንባቢ ነው እንዴ?» አለ አባቷ ሲሰማው። «በዚህ ድምፅ ማነው ቤት የሚገዛ? ይሄ ሰውዬ የሞት ማስታወቂያም የሠርግ ጥሪም በአንድ አፍ ነው የሚያነበው።»

ትሕትና ሳቀች። «ይለመዳል። በል አሁን የፈለግከውን ጻፍ።»

ስልኩን ከዓይኑ ራቅ አድርጎ ያዘና ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀመ። ሲጨርስ ያሳየችውን ምልክት ነካ።

«ወለቴ፣ እስኪ ነይ» አለ ስልኩ። ጥርት ያለ፣ የወጣት ሰው ድምፅ ነበር።

የማድ ቤቱ በር ተከፈተ። እናቷ ወለተሰንበት ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች፣ ለእንግዳ የሚሆን ፈገግታ ይዛ ብቅ አለች። «ማን መጣ? እንግዳ አለ እንዴ?»

ሳሎኑ ውስጥ ከባሏና ከልጇ በቀር ማንም የለም። ባሏን አየች፣ ስልኩን አየች። ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ ምን እንደምታደርገው ግራ የገባት መሰለች።

«እናንተ ናችሁ?» አለችና ተመልሳ ገባች።

ትሕትና የአባቷን ፊት ላለማየት ስልኩን ከእጁ ወሰደች። «አባዬ፣ ያንተን ድምፅ ልቅዳው» አለች። «ዛሬ። ትንሽ ብቻ። የመጣልህን ተናገር።»

«አይሆንም።»

«ለእማዬ እኮ ነው።»

«ለእሷ ስለሆነ ነው የማይሆነው። እኔ እዚሁ አጠገቧ ተቀምጬ፣ እሷ ስልክ ውስጥ ስትፈልገኝ ልይ?»

ትሕትና አዲሱን ስልክ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ባለቁልፉ ስልክ ጮኸ። አባቷ አነሳና ላውድ ላይ አደረገው። አብነት ጨርቅ የሚሸጠው ሁመድ ነበር፤ ስለሚከራየው ሱቅ ሊጠይቅ ነው የደወለው።

አባቷ ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስማኝ ሁመድ። ሱቋ ማዕዘን ላይ ናት፣ በሯ ላይ ታክሲ ይቆማል። ባለቤቷን አውቃታለሁ፤ አፏ ኃይለኛ ነው እንጂ ልቧ ቅን ነው። ዋጋ ቀድመህ እንዳትጠራ፣ እሷ እስክትናገር ዝም በል። ስትቆጣም ሳቅላት።» እየተናገረ ሲሄድ ድምፁ ሞቀ፤ ሻካራነቱን እሱም የረሳው መሰለ።

«ታዲያ ነገ እንገናኝ፣ ጋሽ ፈቃደ?»

«ነገ አልኖርም። ሆስፒታል ትንሽ ጉዳይ አለችኝ።» ትሕትና ጭን ላይ ያለውን ስልክ አየና፣ «ከዚያ በኋላ... ስትፈልገኝ ጻፍልኝ» አለ።

ሁመድ ሳቀ። «ወላሂ? እርስዎ መልእክት ማንበብ ጀመሩ?»

«ጀመርኩ።»

ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። «አላህ ያሽርዎት፣ ጋሽ ፈቃደ» አለ ሁመድ።

አባቷ ስልኩን ወደ ጠረጴዛው አልመለሰውም። ሳያይ በአውራ ጣቱ ቁልፎቹን ተጫነና ጆሮው ላይ አደረገው። ማድ ቤት ውስጥ የእናቷ ስልክ ጠራ።

በሩ ገርበብ ብሏል፤ ትሕትና ከተቀመጠችበት ውስጡን ታያለች። ዛሬ ውሃ የመጣበት ቀን ነው፣ እናቷ ቧንቧው ሥር ጄሪካን ደቅናለች፤ ውሃው እየጮኸ ይወርዳል። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ስልኩን አነሳችና የደወለውን አየች። ወደ ሳሎን ግን ዞር አላለችም። ጀርባዋን እንደሰጠች ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«አቤት» አለች።

አባቷ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የሚናገረው በለሆሳስ ነው፤ ትሕትና አጠገቡ ተቀምጣ ቃሉን አልለየችውም፣ ለመለየትም አልሞከረችም።

«አልሰማሁህም» አለች እናቷ። «ቆይ... ቆይ፣ እንዳትዘጋው።»

ጄሪካኑ ገና ግማሽ ነበር። እጇን ዘረጋችና ቧንቧውን ዘጋችው።