የሮይ ብራክዌል የመጨረሻው ቡድን

ሮይ ብራክዌል አርባ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው ስልክ ተደወለለት።

ሃያ አንድ ዓመት በረኛ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። በሃያ አራት ዓመቱ ለዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ ፎቶው በጋዜጣ ወጥቶለት ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ነው፤ ከትልቁ ቡድን ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ትንሹ፣ ከትንሹ ወደ ቤቱ። ስምንት ወር ሙሉ የፈለገው አልነበረም። ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ይንቋቋል፤ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም።

«የኮልደርሾ ቡድን ሊቀመንበር ነኝ፤ ኦልድክሮፍት እባላለሁ» አለ ደዋዩ። «በረኛ እፈልጋለሁ። የምፈልገውም አንተን ነው።»

ስልኩን ሲዘጋ ሚስቱ ጆይስ ከሣህን ማጠቢያው ዞር ብላ አየችው።

«ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ተፈልጌያለሁ» አላት።

ኮልደርሾ የከሰል ማዕድኗ የተዘጋባት የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ናት። የቀራት ነገር ቢኖር ቡድኗ ነው። ሜዳውን የሰጡት የድሮው የማዕድን ባለቤት ናቸው፤ ቡድኑ በሊጉ እስከተጫወተ ድረስ መሬቱን ማንም እንዳይነካው ተናዝዘው ነበር የሞቱት። ቃላቸው በነሐስ ተቀርጾ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ሮይ በመጀመሪያው ቀን አነበበውና «ደግ ሰው ነበሩ» ብሎ አለፈ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ሦስት ለዜሮ ተሸነፉ። ሁለተኛውን አራት ለአንድ። ገና ሲደርስ ከሁሉም በታች ነበሩ፤ ከዚያ በታች ደግሞ ሌላ ምድብ የለም፤ መጨረሻ የወጣ ከሊጉ ጨርሶ ይሰናበታል።

«አባባ! ከዘራዎን ረሱት!» ይሉታል ከግቡ ጀርባ ያሉ ደጋፊዎች።

«ሮይ፣ ጎንበስ ልትል ስትል ንገረን፣ አምቡላንስ እንጠራለን!»

አሰልጣኙ ሌላ በረኛ ይምጣልኝ ብሎ ጠየቀ። ኦልድክሮፍት ተጫዋቾቹ ሁሉ ባሉበት መለሰለት፦ «ሮይ እያለ ሌላ በረኛ አላመጣም። አለቀ።» ሮይ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃውን ከፍቶ አለቀሰ። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ የቆመለት ሰው አልነበረም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ግብ የሚያስቆጥርባቸው ምንድን ነው? ይህን ሲያብሰለስል ከረመ። በየካቲት አንድ ጠዋት መልሱን ያገኘ መሰለው። ቴሪ ፎግ፣ የቡድኑ ምርጥ ተከላካይ፣ ሜዳው ጥግ ላይ ካፖርት ከለበሱ ሁለት ሰዎች ጋር ቆሟል። አንዱ ሰውዬ የሜዳውን ጠርዝ ይዞ በእርምጃ ይለካል። ሌላኛው ለቴሪ የተጣጠፈ ወረቀት ሰጠው። ቴሪ ሮይን ሲያየው ወረቀቱን ኪሱ ከተተ።

በዚያው ቅዳሜ ቴሪ በገዛ ስህተቱ ፍጹም ቅጣት ምት አሰጠባቸው።

«ቴሪ ጨዋታ እየሸጠ ነው» አላት ሮይ ጆይስን።

«በዓይንህ አይተሃል?»

«ወረቀት ሲቀበል አይቻለሁ።»

«ወረቀትማ እኔም ከፖስተኛው እቀበላለሁ» አለችው። «ሰው ከማስበላህ በፊት ጠይቀው።»

አልጠየቀውም። በቀጥታ ወደ ኦልድክሮፍት ቢሮ ሄደ። ሊቀመንበሩ እስከ መጨረሻው ሰማው፤ ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋው።

«ለማን ነግረሃል?»

«ከባለቤቴ በስተቀር ለማንም። ለእርስዎ ነው የመጣሁት።»

«ደግ አደረግህ። ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ።»

ሰኞ ዕለት የቴሪ ቁም ሣጥን ባዶ ነበር። ራሱን ቴሪን ሮይ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘው፤ ጫማዎቹን በገመዳቸው አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል።

«ሰዎቹን ማን እንደላካቸው ታውቃለህ?» አለው ቴሪ።

«የላካቸው ምን ይሠራልኛል? አንተን ነው ያየሁት።»

«ወረቀቱን ለአሰልጣኙ ላሳየው ነበር። ሳላሳየው አባረሩኝ።» ሮይ ስድብ ሲጠብቅ ቴሪ «አንተ ምስኪን» ብሎት ተሳፈረ።

ይህች ቃል ሮይን ለሳምንታት ከነከነችው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

ቴሪ ከሄደ በኋላ ነገሩ ይባስ ተበላሸ። የመጨረሻው ቀን ግን ተስፋ ይዞ መጣ፤ ከበላያቸው ያለውም ቡድን ሲሸነፍ ከርሞ ነበርና አቻ ከወጡ ይተርፋሉ። ለዓመታት ስታዲየም ያልረገጡ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ መጡ። ሮይ በመጀመሪያው አጋማሽ ሦስት ኳስ አዳነ፤ አንዷን ከአግዳሚው ሥር በጣቱ ጫፍ ነው ያወጣት። ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን በዜማ ጠራው። ጆይስ ከተቀመጠችበት ተነስታ ስታጨበጭብ አያት።

አምስት ደቂቃ ሲቀር ኃይል የሌላት ኳስ ከሩቅ እየተንከባለለች መጣች። ሮይ ለማንሳት ጎንበስ አለ። ጉልበቱ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ተያዘ። ኳሷ በእጆቹ መካከል አልፋ መረቡን ነካችው።

ከግቡ ጀርባ ያሉት ሰዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

በዚያችው አንድ ግብ ከሊጉ ተሰናበቱ። ከጨዋታው በኋላ ተጫዋቾቹ ከልብስ መቀየሪያው ክፍል አንድ በአንድ ወጥተው ሄዱ። ሮይ ልብሱን ሳይቀይር አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቀረ። ኦልድክሮፍት ገባና አጠገቡ ተቀመጠ። ሮይ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

«ይቅር ይበሉኝ» አለ። «አምነውኝ ነበር፤ ከተማዋን ከነሜዳዋ ቀበርኳት።»

ኦልድክሮፍት ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። «አንተን ስመርጥ ስድስት በረኞች ነበራችሁ የቀረባችሁልኝ» አለው፤ «አምስቱ ጎበዞች ነበሩ።»