ሦስት እፍኝ አፈር

ትናንት ወንድሜን አሕመዲንን ቀበርን። እንደ ደንቡ እኔም ሦስት እፍኝ አፈር በመቃብሩ ላይ በተንኩ።

ዛሬ ለቀስተኛው ሳይበተን፣ ሐይቅ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ኢንተርኔት ቤት ገብቼ አብረን እንጫወተው የነበረውን የእርሻ ጌም ከፈትኩ። ባለቤት ያጣውን ማሳውን አጭጄ ልወስድ ነው።

የአሕመዲን ገበሬ ማሳው ላይ ቆሟል። ጎንበስ ብሎ አፈር አፈሰና በእኔ ገበሬ ላይ በተነው። ልሸሽ ማውሱን ደጋግሜ ብጫንም ገበሬዬ አልተንቀሳቀሰም።

«ጌሙን የሚያስኬደው ፕለግኢን አርጅቶ ነው የሚንቀራፈፈው፤ አብሽር» አለኝ የቤቱ ባለቤት ሙሀይሚን።

የአሕመዲን ገበሬ ሁለተኛውን እፍኝ በተነ። ተነሥቼ ልወጣ ብል እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

ሙሀይሚንን ልጠራ አፌን ስከፍት ገበሬው ሦስተኛውን በተነ። ጥርሴ መሀል አፈር ቀጭ አለ።