አማቴ የቆለፉት ብረት

ትንሿን ጠርሙስ ከሙቅ ውሃው አውጥቼ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣታለሁ። አማቴ ከኋላዬ ቆመዋል፤ ትንፋሻቸው ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል።

ሌላው አማች ለአማቱ ስጦታ ይዞ ይሄዳል፤ እኔ አሲድ ይዤ እጠብቃቸዋለሁ። የምንሠራው አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ እሳቸው ይሠራሉ፣ እኔ ጥንካሬውን ለመፈተን አፈርሳለሁ። ጠርሙሷ ውስጥ ያለው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ የኤምአርአይ ምስል እንዲጎላ ያደርጋል። ጉልበቱ ጋዶሊኒየም ከሚባል ብረት ይመጣል። ብረቱ ለብቻው ከተለቀቀ ግን መርዝ ነው፤ እንደታሰረ ገብቶ እንደታሰረ በሽንት መውጣት አለበት። አማቴ ዓመታት የለፉት እሱን ጠፍሮ የሚይዝ ነገር ለመሥራት ነው።

ብረቱ ዛሬ በአሲዱና በሙቀቱ ከተፈታ ሥራው ይዘጋል። እሳቸው በቅርቡ ጡረታ ይወጣሉና ሌላ ለመጀመር ጊዜ የላቸውም። ሚስቴ ጠዋት ስወጣ «እናቴን አደራ» ብላኛለች፤ አሲድ አደራ የሚያውቅ ይመስል።

ትናንት እጄ ለዘብ ሲል አይተው የውሃውን ሙቀት ራሳቸው ከፍ አደረጉት። «መድኃኒቱ ኩላሊቱ የደከመ በሽተኛ ሰውነት ውስጥ ብዙ ይቆያል» አሉኝ። «እዚህ ካልጨከንክበት፣ ሰው ላይ መጨከንህ ነው።»

አሁን ቢጫውን መመርመሪያ ቀለም ጠርሙሷ ውስጥ ጠብ አደርጋለሁ። የተፈታ ብረት ካገኘ ሐምራዊ ይሆናል። ጠርሙሷን አወዛውዛታለሁ። ቢጫ ነው። ትንሽ እንጠብቃለን፤ አሁንም ቢጫ።

እፎይ ልል ስል አማቴ «ቀለሙ ተበላሽቶ ቢሆንስ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ያልታሰረ ብረት ያለበት ሌላ ጠርሙስ አመጣና ከዚያው ቀለም እጨምርበታለሁ። ወዲያው ሐምራዊ ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን አደርጋቸዋለሁ።

«አልፈታ አለህ?» ይሉኛል ቀስ ብለው።

«አቃተኝ፣ እማዬ።»

በሥራዬ ተሸንፌ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አማቴ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ቢጫዋን ጠርሙስ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞሯታል፤ ከዚያ አዲስ የተወለደ ሕፃን ማንን እንደሚመስል እንደሚፈልግ ሰው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዩዋታል።