የሰርካዲስ ባሌስትራ

«አቦ፣ ይቺን ብረት ምን ስታደርግባት ነበር?» ይላል ሙመድ ከፒካፔ ሥር ሆኖ። የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። «ዝገት ጨርሷታል እኮ!»

«ሰርካዲስ በር ትደግፍባት ነበር።»

 ከዚያ መዶሻው እንደገና ይጀምራል።

ደቻቱ አሸዋ ላይ ነን፣ የድልድዩ ጥላ ሥር። ውሃ በሌለ ጊዜ ወንዙ የእኛ ጋራዥ ነው፤ አሸዋው ለጀርባ ይመቻል፣ የሚያባርረንም የለም። አሮጌ ፒካፕ ያለን ሰዎች እሁድ ከሰዓት በኋላ ጫታችንን ይዘን እንመጣለን። አንዱ የሌላውን መኪና ይፈታል፣ አንዱ ያበጀውን ሌላው ይቀዳል። ሙመድ ጣሊያን ጥሎት ከሄደ ካሚዮን የነቀለውን ራዲያተር ገጥሞ ነው የሚነዳው። ወርሳሜ ፍየሎቹ እየዘለሉ ቢያስቸግሩት የጭነቱን ሳንቃ ቁመት ጨምሮበታል፤ አሁን መኪናው ከሩቅ ሲታይ ቁምሳጥን ይመስላል። የእኔን ብልሃት ግን ማንም አልቀዳውም።

ባሌስትራ ማለት ከመኪና ሥር ተደራርቦ የታሰረ፣ ሸክሙን የሚችል ጠፍጣፋ ብረት ነው። ብረቱ ሲበዛ መኪና ደርቆ ያነጥራል፣ ሸክም ግን ይችላል። ሲቀነስ ይለሰልሳል፣ ትንሽ ከተጫነበት ደግሞ ይጎብጣል። ባለቤቴ ሰርካዲስ ስትታመም ከየጎኑ አንዳንድ ብረት አወጣሁ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ሕመሙ ይነሳባት ነበር፤ ሐረር ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ደግሞ የደንገጎን ዳገት መውጣት ግድ ነው። ጋቢናው ውስጥም የምትይዘው እጀታ አስበየድኩላት። ጉድጓድ ሲመጣ እቆማለሁ፣ እሷ እጀታውን ትይዝና «እሺ» ትላለች፣ ያን ጊዜ እነዳለሁ። እንዲህ እየተባባልን ስንት ጊዜ ወጣን፣ ስንት ጊዜ ወረድን።

እዚህ ግን «አህያህ ወገቧን ተመታች» እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ታማለች ብዬ መናገር ሕመሙን ማጽናት መስሎኝ ነበር።

አሁን አርባዋ ወጥቷል። ቀፊራ ገበያ ያሉት የሽንኩርት ነጋዴዎች ነገ ካልጫንክ ሌላ መኪና እንይዛለን ብለውኛል፤ እኔ ደግሞ ከዚህ መኪና ሌላ እንጀራ የለኝም። ብረቶቹን ዛሬ በጆንያ ይዤ መጣሁ። ቤቱን ትቼው ስወጣ በሩ በነፋስ ይላተም ነበር። ሰማሁት፤ ተመልሼ አልዘጋሁትም።

ሰው ሁሉ እንዳለቅስ ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ። ዕንባው አይመጣም። ውስጤ እንደ ደነዘዘ እግር ሆኗል፤ አለ፣ የእኔ ግን አይመስለኝም።

«ዋርያ፣ በዛብህ» ብሎ በስሜ ይጠራኛል ወርሳሜ፣ ጫቱን ወደ ጉንጩ ገፍቶ። «ያኔ ደንገጎ ላይ ከኋላህ የነበርኩት ትዝ ይልሃል? በየጉድጓዱ እየቆምክ፣ እኔ ጥሩምባ ስነፋብህ?»

«ትዝ ይለኛል።»

«ሰድቤህም ነበር።»

«ሰምቻለሁ። እሷም ሰምታ ‹ምን አለ?› አለችኝ። ሶማሊኛ ስለማታውቅ ‹መልካም መንገድ› ነው ያለን አልኳት።»

ወርሳሜ ሊስቅ ይልና ይተወዋል። ሲቀልድ ድምፁ ድልድዩን የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነው። «ወላሂ፣ አላወቅኩም ነበር» ይላል ቀስ ብሎ። ጎንበስ ብዬ ለሙመድ የብሎን ቁልፍ አቀብላለሁ።

ሙመድ አሸዋውን እያራገፈ ይወጣና መኪናዋን ያነሳበትን ክሪክ ያወርዳል። መኪናዋ እንደወትሮዋ አልጎበጠችም። ቀጥ ብላ ቆመች።

«ይኸው! አሁን ገና መኪና ሆነች! ነገ የቀፊራን ሽንኩርት በሙሉ ጫንባት!» ብሎ እጁን ያጨበጭባል፣ ፊቴን ሲያይ ግን እጁን በሱሪው ይጠርጋል። «ያንን እጀታስ ልንቀልልህ?»

«እሱ ይቆይ።»

«እሺ፣ በል እስቲ ሞክራት።»

ወርሳሜ ሳይጠየቅ ጋቢና ይገባል። ከሰርካዲስ ወዲህ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የለም። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ጉልበቱ ከፊቱ ካለው ብረት ጋር ይጋጫል፣ ግን አያማርርም። ሞተር አስነስቼ በአሸዋው ላይ ወደ መንገዱ እነዳለሁ። ወንበሩ ከሥሬ ያነጥረኛል። ረስቼው ነበር፤ ይቺ መኪና ድሮም እንዲህ ደረቅ ነበረች።

ከአሸዋው መውጫ ላይ ጎርፍ ያመጣው የድንጋይ ክምር አለ። ስመጣ ብቻዬን ስለነበርኩ ሳልቆም ነው ያለፍኩት። አሁን አጠገቤ ሰው አለ። እግሬ በራሱ ጊዜ ፍሬን ይዞ ቆመ።

ሞተሩ ይሠራል። እጠብቃለሁ። የምጠብቀውን ቃል አውቀዋለሁ፣ እንደማይመጣም አውቃለሁ፣ እግሬ ግን አልለቅ አለኝ።

«ምን ሆነች?» ይጮሃል ሙመድ ከኋላችን። «ብረቷ ላላች እንዴ?»

ወርሳሜ ድንጋዮቹን ያያል፣ እኔን ያያል። ከዚያ እጁን አንስቶ እጀታውን ይይዛል። ለእሷ እጅ የተለካ ስለሆነ ሁለቱ ጣቶቹ ውጭ ይቀራሉ።

«እሺ» ይላል።

ፍሪሲዮኑን ለቅቄ እነዳለሁ።